ድሬዳዋ ሆኖ ለባሕር ማዶ መሥራት፦ ስምንት ወር ኖሬ ያየሁት

እንግዳ በድሬ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የአንድ የአሜሪካ ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። ድርጅቱን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ አለቃዬንም የማውቃት በኮምፒውተር መስኮት ብቻ ነው። ከስምንት ወር በፊት ሻንጣዬን ይዤ ድሬዳዋ ገባሁ። ዘመድ የለኝም፤ ወደዚህ የላከኝ መሥሪያ ቤትም የለም። ኮምፒውተር ካለ ሥራው የትም ይሠራል ብዬ በራሴ ፈቃድ መጣሁ። ብዙ ሰው በግል ስለሚጠይቀኝ አንድ ጊዜ በዝርዝር ልጻፈው።

ሁሉም አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ኢንተርኔት ነው። እኔንም ስመጣ ያስጨነቀኝ እሱ ነበር። ድሬዳዋ ግን በዚህ በኩል የተረሳች ከተማ አይደለችም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በነሐሴ 2014 ዓ.ም ሲጀምር መጀመሪያ የከፈተው እዚህ ነው። ከርቀት የሚሠራ ሰው የትም ቢሆን ሁለት መስመር መያዝ አለበት፤ እኔም ሁለት ይዣለሁ። መብራት ሲጠፋ ሁለት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ገዝቻለሁ። ከዚያ በላይ ሲቆይ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል እሄዳለሁ። ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ያልጠበቅሁትና የፈተነኝ ሰዓቱ ነው።

ድርጅቱ ያለው በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ነው። እነሱ ጠዋት በሦስት ሰዓት ቢሮ ሲገቡ እዚህ ከቀኑ አሥር ሰዓት ይሆናል። ጥቅምት ሲያልቅ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ፣ እኛ ደግሞ ስለማናዛውር፣ አሥራ አንድ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከአሥር ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ። ቀኑ ሙሉ የእኔ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ድሬ ቀን ላይ የለችም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታነደው ሱቁ ይዘጋል፤ ሰዉ ወይ ይተኛል ወይ በርጫ ይቀመጣል። መንገዱ ላይ ጥላ ፈልጎ ከተኛ ፍየል በቀር የሚታይ የለም። ከተማዋ እንደ ገና የምትነሣው ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። የሱቁ መዝጊያ ይነሣል፤ ደጃፉ ውኃ ይረጫል፤ ወንበር ወደ በር ይወጣል፤ ቀፊራ ገበያ ይሞቃል፤ ከዚራ ሰፈር ዛፎች ሥር ሰው ወጣ ወጣ ይላል። ልክ በዚያ ሰዓት እኔ መስኮቴን ዘግቼ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አደርጋለሁ። ድሬዳዋ ሦስት ወር ተቀምጬ ድሬዳዋን አላየኋትም።

አንድ ማታ የወር መዝጊያ ስብሰባ ላይ ነበርሁ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ምንጣፍ ዘርግተው ይጫወታሉ። አከራዬ ስብሰባ ላይ መሆኔን ስላወቁ ድምፅ ሳያሰሙ እጃቸውን በመስኮቱ ብረት መካከል አሾልከው በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ፈጢራ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝና ተመለሱ። ማሩ ወረቀቱን አርሶ ወደ ኮምፒውተሩ መፈሰስ ጀመረ። በአንድ እጄ ቁጥር እየጻፍሁ በሌላው ማሩን ስጠርግ፣ ከውጭ የሳቅ ድምፅ ሲመጣ፣ እንባዬ መጣ። በሁለት ሜትር ርቀት ያለውን ሰው ትቼ በአሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት ካለ ሰው ጋር የምኖር መሰለኝ።

በማግሥቱ ለአለቃዬ ጻፍሁላት። በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ አብረን እንሁን፣ የቀረውን ሥራ እናንተ ስትተኙ ልጨርሰው አልኋት። ተስማማች። አሁን ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ እነሣለሁ፤ እስከ አራት ሰዓት እሠራለሁ። ቀን ከከተማው ጋር እተኛለሁ። ከአሥር እስከ አንድ ሰዓት ስብሰባ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ምንጣፉ ላይ ነኝ።

እናንተስ እንዴት አደረጋችሁት? ሐረር ሆኖ የሚሠራ ሰውስ አለ?

በረከት ከሽሮ ሜዳ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ስፈልግ ነው የከረምሁት። እኔ የምሠራው ለጀርመን ድርጅት ነው፤ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ከጥምቀት በኋላ ለመምጣት አስቤአለሁ። የእነሱ የሥራ ሰዓት ለእኛ በበጋቸው ከአራት እስከ አሥራ ሁለት፣ በክረምታቸው ከአምስት እስከ ምሽቱ አንድ ነው። አንቺ እንደምትዪው ከሆነ ሥራዬ በሙሉ ሙቀቱ ላይ ሊወድቅ ነው። ይቻላል? ደግሞም ደመወዜ በዩሮ ስለሆነ ድሬዳዋ ላይ የባንኩ ነገር እንዴት ነው? ቤት ኪራይስ?

እንግዳ በድሬ

ይቻላል፤ ማታው በሙሉ የአንተ ስለሚሆን እንዲያውም ከእኔ የተሻለ ዕድል አለህ። ቤት ስትመርጥ ግን ለቀን ሥራ ምረጥ። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳ ያለው፣ መስኮቱ ወደ ምዕራብ ያልዞረ ይሁን። ቆርቆሮው ከራስህ በላይ አንድ ክንድ ብቻ ከሆነ ማራገቢያው ትኩስ አየር ነው የሚያመላልስልህ። ኮምፒውተርህም ይግላል። እኔ ሁለት የስኒ ማስቀመጫ ገልብጬ ከሥሩ አደርጋለሁ፤ አየር ሲገባበት የማራገቢያው ጩኸት ይቀንሳል።

የከዚራ ልጅ

እንኳን ደህና መጣሽ፣ በረከትም እንኳን ደህና መጣህ። ድሬ እንግዳ አትጠላም፤ ከተማችንን የሠራት እንግዳ ነውና። ነገር ግን የሚያመኝን ልናገር፤ ካልተናገርሁት ይህ ውይይት ሙሉ አይሆንም።

አምና እናቴ የተከራየችበትን ቤት አከራዩ "አንድ በዶላር የሚከፈለው ልጅ ፈልጎታል" ብለው ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ አደረጉት። ልጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ የተጠየቀውን ከፈለ። ለእሱ ቀላል ነበር። እናቴ ግን አሥራ ሰባት ዓመት ከኖረችበት ግቢ፣ ከዕድሯና ከቡና ጓደኞቿ ተለይታ ወጣች። ልጁ አምስት ወር ኖሮ ሄደ። ኪራዩ ግን አልወረደም።

ይህን የምለው እንዳትመጡ አይደለም። ስትመጡ የሰፈሩን ዋጋ ጠይቁ። ደላላ የነገራችሁን ሳይሆን ጎረቤት የሚከፍለውን። ሌላው ደግሞ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ልጆች አሉ። እናንተ የምታውቁትን ሥራ ማንም አላሳያቸውም። የምትተዉልን ኪራይ ብቻ ከሆነ ያሳዝናል።

እንግዳ በድሬ

የከዚራ ልጅ፣ ያልኸው ልቤ ገባ። የእናትህ ነገር ከባድ ነው።

እኔም ከጥፋቱ ነጻ አይደለሁም። መጀመሪያ ለገሃሬ ሰፈር ቤት ሳይ የተጠየቅሁት ከአዲስ አበባው ግማሽ ስለሆነ ሳልከራከር እሺ ልል ነበር። ያስቆሙኝ የአሁኗ አከራዬ ናቸው። ከሚቀጥለው ግቢ ሰምተው ጠሩኝና "እዚህ ሰፈር በዚህ ዋጋ ተከራይቶ የሚያውቅ የለም፤ አንቺ ከከፈልሽ ነገ እኛን ይጠይቁናል" አሉኝ። እሳቸው ጋር ገባሁ።

ስለ ልጆቹ ደግሞ፣ ሴት ልጃቸውና ጓደኛዋ አካውንቲንግ ተምረው ሥራ አላገኙም። ሁለቱንም ሰኞና ረቡዕ ጠዋት አጠገቤ አስቀምጣቸዋለሁ። ሒሳቡን ያውቁታል። የጎደላቸው የውጭ ደንበኛ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ደረሰኝ በኮምፒውተር እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያልገባቸውን "አልገባኝም" ብሎ መጠየቅ ነው። አንዷ ባለፈው ወር የመጀመሪያ ሥራዋን አግኝታለች፤ ትንሽ ናት፣ የአንድ ሱቅ መዝገብ። የተከፈላት ዕለት ግቢው ሠርግ ነበር የሚመስለው።

የባንክ ሰው

በረከት ስለ ባንክ ለጠየቅኸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ሥርዓት ሲለውጥ፣ አገር ውስጥ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ ወይም በውጭ ምንዛሪ በሚከፈለው ደመወዝ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍት ፈቅዷል፤ ከዚያ ሒሳብ በውጭ አገር ለሚገዛ አገልግሎትም መክፈል ይቻላል። ስለዚህ ደመወዝህን በዘመድ እጅ ማስመጣት ትተህ በስምህ አስገባው። የሥራ ውልህን፣ የየወሩን የክፍያ ደብዳቤና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርህን በአንድ ማኅደር ያዝ። ቅርንጫፍ ውስጥ ያለው ሠራተኛ እንዲህ ዓይነት ደንበኛ አይቶ ላያውቅ ይችላል፤ አትቆጣ፣ ወረቀቱን አሳየውና ኃላፊውን ጠይቅ። ግብሩንም አትሸሸው። ዛሬ ያልተመዘገበ ገቢ ነገ ለቤት መግዣ ብድር ስትጠይቅ የለም ማለት ነው።

ነጭ ጋወን

የጤና ባለሙያ ነኝ፤ ድሬዳዋ ነው የምሠራው። ስለ ኢንተርኔትና ስለ ኪራይ ተወራ፣ ስለ ትንኝ ግን ማንም አላነሣም። ልመናዬ ነው፣ ይህን ዘላችሁ አትለፉ።

ድሬዳዋ ውስጥ ወባ አለ። ዴንጊ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2019 ከተማውን አዳርሰውታል። ቺኩንጉንያ የያዘው ሰው መገጣጠሚያው አብጦ ለሳምንታት ጣቱን ማጠፍ ያቅተዋል፤ በኮምፒውተር የሚኖር ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። እነዚህን ሁለቱን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ስለዚህ የአልጋ አጎበር ብቻውን አያድንም። ጠረጴዛችሁ ሥር እግራችሁን ሸፍኑ።

ወባውም ቢሆን እንደ ድሮው የረግረግና የገጠር ብቻ አይደለም። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ በከተማ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እዚህ ከተማ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝ ምክንያት ሆና የተገኘችው እሷ ናት። የድሬ ቤት ደግሞ ውኃ በተራ ስለሚመጣ በርሚል የሌለው የለም። በርሚላችሁን ክደኑ። ክዳኑ የማይገጥም ከሆነ በላዩ ጨርቅ ወጥራችሁ በገመድ እሰሩት። ትኩሳት ሲመጣ "ሙቀቱ ነው" ብላችሁ አትተኙ፣ ተመርመሩ።

የጁገል ሰው

ሐረር ያለ ሰው ተጠይቋል፤ እኔ አለሁ። ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ለውጭ ድርጅት ትርጉም እሠራለሁ። ድሬ ላይ ሙቀቱ ከብዶባችሁ ከሆነ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ውጡና ኑ። እኛ 1,885 ሜትር ላይ ነን፤ ማራገቢያ የለኝም፣ አስፈልጎኝም አያውቅም። ማታ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፈው።

ጁገል (የጥንቱ የሐረር ከተማ) ውስጥ ግን ለኮምፒውተር ሥራ ያልታሰበ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ግንቡ። የተከራየሁት የቆየ የሐረሪ ቤት ነው። የድንጋዩ ውፍረት ክንድ ሙሉ ነው። ውስጡ ቀንም ማታም አንድ ዓይነት አየር ነው፣ ነደባው (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ ግድግዳው በስፌት አሸብርቆ ሳይ መሥራት ሳይሆን እንግዳ መቀበል ያምረኛል። ነገር ግን የስልክ ሞገድ ያንን ግንብ አያልፍም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ላይ ድምፄ እየተቆራረጠ አለቃዬ "አገርህ ኔትወርክ የለም ወይ?" አለኝ። ኔትወርኩማ ደጃፉ ላይ ሙሉ ነው! በመጨረሻ መቀበያውን ግቢው ውስጥ አንድ ግንድ ላይ ሰቅዬ በበሩ ሥር ገመድ ሳብሁ። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ እህታችን ያለችው እኔም ላይ ደርሷል፣ በሌላ መልክ። እዚህ ሰው የሚገናኘው እንደ ዕድር ባለው የሐረሪዎች ማኅበር፣ በአፎቻ ነው። ሰርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ አፎቻው ይጠራል። የመጀመሪያ ዓመት "ሥራ ላይ ነኝ" እያልሁ ቀረሁ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ ሰው ሥራ ላይ ነው ብሎ ማን ያምናል? ጎረቤቴ ቅሬታውን ደብቆ አንድ ቀን "ወንድሜ፣ አንተ ታመህ ነው ወይስ ከእኛ ተቀይመህ?" ሲል ጠየቀኝ። አፈርሁ። ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ቤቱ ሄድሁ፤ የምተረጉመውን አሳየሁት፤ አንድ ገጽ አነበብሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስብሰባ ሰዓት ሕፃናቱን ከደጃፌ የሚያርቅልኝ እሱ ነው።

ከናይሮቢ የተመለሰ

እኔ ይህን ኑሮ የጀመርሁት ናይሮቢ ነው። ለኢትዮጵያዊ ቪዛ ስለማያስፈልግ ቅርብ መስሎኝ ሄድሁ። ኢንተርኔቱ ፈጣን ነበር፤ የምሠራበት ቦታ ያማረ ነበር፤ በዙሪያዬ የነበሩት ሁሉ ከሌላ አገር መጥተው ኮምፒውተር ላይ ያጎነበሱ ነበሩ። ከአንዱ ጋር ስትላመድ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። አምስት ወር ኖሬ የግቢያችንን ዘበኛ ስም አላውቅም ነበር። ስዋሂሊ ስጀምር ግን አንድ ነገር አገኘሁ፦ እነሱም ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓትን "ሳ ታቱ" ይላሉ፤ ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይህን ለዘበኛው ስነግረው እጄን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንገናኝ ሰዓት እንጠያየቃለን። ከአምስት ወሩ ውስጥ የማስታውሰው ያንን ነው። እህቴ ሦስት ወር ድሬን አላየኋትም ያልሽው እኔ ናይሮቢን ሳላያት ተመልሻለሁና ገብቶኛል።

የምድር ባቡር ልጅ

ልጆቼ፣ በዕድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። ግን አንቱ እንዳትሉኝ፤ ድሬ ላይ አንቱታ ሰውን ማራቅ ነው።

"ለባሕር ማዶ መሥራት" ስትሉ አዲስ ነገር ታስመስሉታላችሁ። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም የተቆረቆረችው ለዚያው ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ተራራው ላይ ስለሆነች መውጣት አቅቶት እዚህ ቆመ። አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ዓ.ም ድረስ ስንት ዓመት ድሬ መጨረሻ ጣቢያ ሆና ኖረች። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ ሁሉ እዚህ መጣ። አባቴ ፈረንሳዮች ባቋቋሙት ኩባንያ ውስጥ ጸሐፊ ነበር። የሚጽፈው በፈረንሳይኛ፣ ለማያውቃቸው አለቆች ነው።

አባቴ ሁለት ሰዓት ነበረው። የእጁ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ይሄዳል፤ ባቡሩ በእሱ ነውና። ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደግሞ በእኛ። ማታ ከለገሃር፣ ከባቡር ጣቢያው፣ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው የእጁን ሰዓት ፈትቶ ከግድግዳው ሰዓት ሥር ባለችው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ነበር። መሳቢያዋን ከዘጋ በኋላ ስለ ባቡር አይናገርም። ሰው መጥቶ "ነገ ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሣል?" ቢለው እንኳ "ነገ ጠዋት ጠይቀኝ" ይላል። ልጅ ሳለሁ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለበረከት፦ ከደቻቱ ወንዝ ዳር ቤት አትከራይ። ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ሰው ይዘነጋዋል። በ1998 ዓ.ም ክረምት ግን ዝናቡ ከበላያችን ባለው ደጋ ላይ ዘንቦ ጎርፉ በሌሊት መጣ፤ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። እኛ ተኝተን ነበር።

በረከት ከሽሮ ሜዳ

አባቴ፣ አመሰግናለሁ፤ አንቱ ላለማለት እየታገልሁ ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአውሮፕላን ትኬት ቆርጫለሁ፤ ጥር 14 እደርሳለሁ። ሁለተኛ ስልኬን ለሥራ ብቻ አድርጌአለሁ፤ ማታ አንድ ሰዓት ላይ አጥፍቼ የማስቀምጥበት መሳቢያ ያለው ጠረጴዛ እፈልጋለሁ። ቤት ግን ገና አላገኘሁም። ደላላ ያሳየኝ ሁለት ቤት ነው፤ ሁለቱም ዋጋ የከዚራ ልጅ ያለው ዓይነት ይመስለኛል።

የከዚራ ልጅ

ለደላላው እሺ አትበለው። አክስቴ ሳቢያን ሰፈር አንድ ክፍል ባዶ አላት፤ በረንዳ አለው፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው። ነግሬአታለሁ፤ ቀድሞ የነበረው መምህር በሚከፍልበት ዋጋ ትሰጥሃለች። ውኃ ማክሰኞና ዓርብ ነው የሚመጣው። በርሚሉ ክዳን አልነበረውም፤ ዛሬ ጠዋት ቀፊራ ሄጄ ገዝቼለታለሁ።